የጠበሉን ጠርሙስ የጨመቀው

በጋይንትም ሆነ በእስቴ አየር ክብደት እንዳለው ከእኔ በፊት ለሰው ያሳየ ካለ ይቅረብና ይናገር። መምህራን እንደሚያውቁት አልክድም። እነሱ ግን ለፈተና ነው የሚያስተምሩት፤ እኔ ልጄን አድኜበታለሁ።

ከቄስ ትምህርት ያገኘሁት ፊደል ብቻ ነው፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። አንድ ባለሱቅ ሚጥሚጣ ሊጠቀልልበት ገጹን እየገነጠለ የሚጨርሰውን የፊዚክስ መጽሐፍ አይቼ የተረፈውን በአንድ ቁና ባቄላ ለወጥኩት። ስለ መሬት ስበት የሚናገረው ምዕራፍ ግማሹ የለም ነበር። የጎደለውን ከበሬዎቼ ኋላ እየሄድኩ አስቤ ሞላሁት። በኋላ ልጆቼ ሙሉውን መጽሐፍ ሲያመጡልኝ አስተያየሁት፤ የሳትኩት ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

የምኖረው ጉና ተራራ ትከሻ ላይ፣ ገብስ እንጂ ሌላ እህል እምብዛም በማይወጣበት ደጋ ነው። ልጄ የተዳረችው ከአርብ ገበያ በታች፣ ወደ በሽሎ ወንዝ በሚወርደው ቆላ ነው። ባለፈው ዓመት አማቷ ሆዳቸውን ታመሙና ከእኛ ደብር ጠበል እንድታመጣላቸው ላኳት። መጣች። ወረፋው ረጅም ስለነበር ለእያንዳንዱ ሰው የሚቀዳለት ግማሽ ጠርሙስ ነበር። የፕላስቲክ ጠርሙሷን ግማሽ አስቀድታ፣ ክዳኑን አጥብቃ ወረደች።

በሦስተኛው ቀን ልብሷን በፌስታል ይዛ ተመለሰች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ጠበሉን ጠጥተሽዋል አሉኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠርሙሱን ከዘንቢል ስታወጣው ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ልክ ሰው አፉን ገጥሞ የመጠጠው ይመስላል። አማቷ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «የበሽተኛ ጠበል መንገድ ላይ ጠጥታ ግማሹን አመጣችልኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ካልማለች ቤቴ አትገባም» አሉ። ባሏ በእናቱና በሚስቱ መካከል ቆሞ መሬት መሬት አየ። ልጄ ደግሞ፣ «ባልሠራሁት አልምልም» አለች። በእኛ አገር እውነት ይዞም መማል ይከብዳል፤ የማለ ሰው ስሙ ከመሐላው ጋር አብሮ ይነሳል።

«ክዳኑን የዘጋሽው እዚሁ ነው?»

«እዚሁ፣ ምንጩ አጠገብ።»

«መንገድ ላይ አልከፈትሽውም?»

«እርስዎም?» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እኔማ ነገሩ ገብቶኛል። ከፍተሽው ቢሆን ኖሮ ጎኑ አይገባም ነበር። መጨመቁ ራሱ ምስክርሽ ነው።»

በማግስቱ ይዣት ወረድኩ። አማቷ መደብ ላይ ጋደም ብለዋል፤ የነፍስ አባታቸው አጠገባቸው ተቀምጠዋል፤ ጎረቤትም ሊጠይቅ መጥቷል። ቆሜ አስረዳሁ። «እሜቴ፣ ምድር ድንጋይን እንደምትስብ አየርንም ትስባለች። የተሳበ ነገር ሁሉ ይከብዳል። የገለባ ክምር አይተዋል፤ ከላይ ያለው ልል ነው፣ ከሥር ያለው የላዩን ሁሉ ተሸክሞ ይጠቀጠቃል። አየርም እንደዚያው ነው። እኛ ከክምሩ ላይኛው ወገን ነን፣ እናንተ ከሥሩ ናችሁ። ልጅቱ የእኛን ልል አየር ዘግታ አመጣችው፤ የእናንተ ጥቅጥቅ አየር ጠርሙሱን ከውጭ ተጫነው።»

«አየር የሚመዝኑት በየትኛው ገበያ ነው?» አሉኝ አማቷ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። «ልጅዎን ሊያድኑ ብለው ሰማዩን አያስጨንቁት።»

እንደኔ ያወቀ ሰው በሳቅ አይሸነፍም። ወደ ቄሱ ዞርኩ። «አባቴ፣ እርስዎ ከእኔ ጋር ይውጡ። ራስዎ ይቅዱ፣ ራስዎ ይዝጉ፣ ራስዎ ይሸከሙ። እኔ በጣቴ አልነካውም።»

«በእኔ እጅም ከተጨመቀስ?»

«ያን ጊዜ እርስዎም ጠጥተዋል ማለት ነዋ።»

አሁንም ተሳቀ። አማቷ ግን አልሳቁም። «በእርሳቸው እጅ ከተጨመቀ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ካልተጨመቀ ትማላለች።»

ልጄ አየችኝ። እኔ ስበትን አልተጠራጠርኩም፤ የፈራሁት ሙቀትን ነው። ሙቀት አየርን ያሳብጣል፤ የቆላው ፀሐይ የተጨመቀውን መልሶ ሊነፋብኝ ይችላል። ስለዚህ ቄሱ ጠርሙሱን በጋቢ ጠቅልለው በማለዳ እንዲወርዱ አስቀድሜ ተነጋገርኩ። ይህን የሚያስብ ሰው ብዙ አይገኝም።

ስንወጣ ቄሱ ጥያቄ አላቋረጡም።

«ምድር የምትስበው ከሆነ አየሩ ለምን እንደ ድንጋይ መሬት ላይ አይተኛም?»

«ቅንጣቶቹ እረፍት የላቸውም፤ ሲሯሯጡና ሲጋጩ ነው የሚውሉት።»

«ታዲያ እየሮጡ ለምን አያመልጡም? ከላይ የዘጋባቸው አለ?»

«የዘጋ የለም። ምድር ትልቅ ናት፣ ስበቷ ጠንካራ ነው፤ አብዛኞቹ ለማምለጥ የሚበቃ ፍጥነት የላቸውም። ጨረቃን ይዩ፤ ትንሽ ናት፣ ስበቷ ደካማ ነው፤ አየር ይዛ ማቆየት ስላልቻለች ራቁቷን ቀረች።»

«ይህን ቅኔ ቤት አልነገሩንም» አሉ።

«ቅኔ ቤት እኔ የለሁማ» አልኳቸው።

በማግስቱ ማለዳ ምንጩ ጋ ግማሽ ጠርሙስ ቀዱ፣ ክዳኑን አጠበቁ፣ የጧፍ ሰም ዙሪያውን አንጠባጥበው በአውራ ጣታቸው አተሙት። በመኪና አርብ ገበያ ደረስን። ቄሱ ጋቢውን ገልጠው አዩ፤ ጎኑ ትንሽ ለስለስ ከማለቱ በቀር ደህና ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። «ገና መንገድ አለን» አልኳቸው። ልጄ ያለችው ታች ነው፤ መሐላውም።

ቁልቁለቱን በእግር ወረድን። ግማሽ ላይ ስንደርስ ከጋቢው ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቄሱ ቆመው አማተቡ።

«ምንድን ነው?»

«አየሩ ነው። ያውጡትና ይዩት።»

ጎኑ መዳፍ የሚያህል ገብቷል። ቄሱ ሰሙን ዙሪያውን ዳሰሱ፤ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። ከዚያ ወዲያ እኔ ዘፈን እንጂ ወሬ አላማረኝም፤ ግን ከቄስ ጋር ነበርኩና ያንንም ተውኩት።

አማቷ ጠርሙሱን ተቀብለው ብዙ ጊዜ አገላበጡት። ልጃቸውን ጠሩና፣ «ያን ቀን የነበሩትን ጎረቤቶች ጥራልኝ፤ አንድም እንዳይቀር» አሉት። ሁሉም መጡ።

«ይቺ ልጅ ጠበሌን አልነካችም» አሉ። «በእናንተ ፊት ነው ያዋረድኳት፤ በእናንተው ፊት ይቅር በይኝ እላታለሁ።»

ልጄ ቀረብ አለች። ጠርሙሱን ዘረጉላት። «ክፈችው። አንቺው አጠጪኝ።»

ሰሙን ፈረፈረችና ክዳኑን አዞረችው። አየሩ ሲስ ብሎ ገባ፣ ጎኑ ተመልሶ ወጣ፣ ጎረቤቶቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። እኔ ፈጥኜ፣ «ይህ የሆነው የውጭው አየር...» ብዬ ጀመርኩ። የሰማኝ የለም። ልጄ ጠበሉን በጽዋ ቀድታ በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው የአማቷን ራስ ቀና አድርጋ ደግፋ እያጠጣች ነበር። ማብራሪያዬን በገዛ ፈቃዴ ያቋረጥኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።