በሙሉ ድምፅ የወሰንነው

መሐል ሜዳ መነኸሪያ ላይ ጭነት የምናወርደው ልጆች አለቃ አንዲት ቆሎ ሻጭ ነበረች። ማንም አልሾማትም። አውቶቡስ ሲገባ «አንተ ጣራው ላይ ውጣ፣ አንተ ዝፍዝፍ ዞር በል» ትላለች፣ አለቀ። ጠጥቶ የመጣ የዚያን ቀን ሸክም አያገኝም። ምላሷ እሬት ነው፤ ግን እሷ እያለች ማናችንም ጦም አድረን አናውቅም።

ከመካከላችን አንዱ ወደ ሰሊጥ እርሻ ካልሄድኩ የሚል አባዜ ነበረበት። ታላቅ ወንድሙ እዚያው በወባ ቀርቷል፤ ለእናቱ የተረፋቸው እሱ ብቻ ነው። በተሳፈረ ቁጥር «እናትህን ማን ሊቀብራቸው ነው፣ አንተ ደንባራ» እያለች በኮሌታው ጎትታ ታወርደዋለች። እሱም እየተሳደበ ይወርድና ቆሎዋን ይበላል።

አንድ ጊዜ ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች መጥተው ለአደጋ የተጋለጣችሁ ወጣቶች ናችሁ አሉን። ማን እንዳጋለጠን አልነገሩንም። የአቻ ለአቻ መሪ ምረጡ ሲሉን እሷን መረጥን፤ ደብረ ብርሃን ወስደው አሠለጠኗት። ኮፍያ አድርጋ፣ ድምጿ ለስልሶ ተመለሰች። መሪ አያዝም፣ ያወያያል አለችን።

ከዚያ ወዲያ ጉድ ፈላ። አውቶቡስ ሲገባ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። ጤፉን ማን ያውርድ? አስተያየት ያለው እጁን ያውጣ። አንዱ ተነስቶ «የቀደመውን ተናጋሪ እደግፋለሁ» ይላል፣ ማንም ሳይናገር። ባለጤፏ እናት ጆንያቸውን ራሳቸው ተሸክመው ሲሄዱ እኛ ገና አጀንዳ አላጸደቅንም።

አንድ ማለዳ ያ ልጅ ፌስታሉን አንጠልጥሎ መጣ። ሁላችንም እሷን አየን። ኮሌታውን ልትይዝ እጇን ዘረጋችና መልሳ ኪሷ ከተተችው። «እንወያይ» አለች።

ተወያየን። ስለ ወባው፣ ስለ እናቱ ሁሉም ተናገረ። ከሁላችንም አሳምሮ የተናገረው እሱ ራሱ ነው፤ የእናቱን ነገር ሲያነሳ አንጀቴን በላው። «እንዳይሄድ የምትሉ» ስትል ሁሉም እጅ ወጣ፣ የሱም ጭምር። በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አጨበጨብን።

ጡሩንባ ተነፋ። ፌስታሉን አነሳ፣ አንድ በአንድ ጨበጠንና ገባ። ውሳኔውን ማን ያስፈጽም የሚለውን ገና አልተወያየንበትም ነበር። አውቶቡሱ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ እናቱ እያለከለኩ ደረሱ። እኛን አልጠየቁም፤ ቀጥ ብለው ወደ እሷ ሄዱ።

«ዛሬም አወረድሽልኝ አይደል፣ ልጄ?» አሏት። መልሷን ሳይጠብቁ ይመርቋት ጀመር።