ደንቆሮ ብዬ የገዛሁት በሬ

ነገሩ ያስከፈለኝ አንድ የደለበ በሬ፣ አንድ ወዳጅና ከግራና ከተማ ወረድ ብላ ያለች የአንዲት መንደር ደጃፍ ነው። በሬው ይተካል። እኔ መርሳ ገበያ ላይ ያደግሁ የከብት ነጋዴ ነኝ፤ ፊደሉንም ከትምህርት ቤት ይልቅ ከጭነት መኪና ጎን ላይ ነው የለቀምኩት። ለበሬ አላለቅስም።

መንደሯ የአርጎባዎች ናት። አያቶቻቸው ከወደ ደቡብ መጥተው የሰፈሩባት ጥቂት ቤት ናት። ሸማ ይሠራሉ፣ ከብት ያደልባሉ። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ለአማርኛ ከመቅረቡ የተነሳ ስትሰማው የገባህ ይመስልሃል፤ ልያዘው ስትል ያመልጥሃል። ወጣቶቹ ትተውታል። ገበያ አይሸጡበት፣ ቀበሌ አያመለክቱበት፣ ምን ያደርግላቸዋል? ሽማግሌዎቹ ብቻ ያወሩበት ነበር፤ እነሱም ተራ በተራ ሄዱና ወዳጄ ብቻቸውን ቀሩ።

ወዳጄ ስል ያባቴ እኩያ የሆኑ ሸማኔ ናቸው። እኔ ክርስቲያን፣ እሳቸው ሙስሊም። በአረፋ ስሄድ ለእኔ በክርስቲያን እጅ ለብቻ አሳርደው ይጠብቁኝ ነበር። ሴት ልጃቸው አረብ አገር ነበረች። ከልጆቻቸው ሁሉ በአርጎባኛ የምትመልስላቸው እሷ ብቻ ናት። ጁምዓ ጁምዓ ስትደውል ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይስቃሉ፤ እኔም ምን እንደተባለ ሳይገባኝ አብሬ እስቃለሁ። ኋላ ስልኳ ጠፋ። አሠሪ ቀየረች ተባለ፣ ታሰረች ተባለ። መንገዱም ከፋና እኔ ወደ መንደሯ መውረዱን አቆምኩ።

አንድ የገበያ ቀን የሽማግሌው ወንድ ልጅ በሬ እየጎተተ መርሳ መጣ። አባቴ ልከውኝ ነው አለ። በሬው ያማረ ነበር፤ ሻኛው እንደ ትራስ። ግን ብንጠራው፣ ብንገስጸው፣ ደላላው ጆሮው ሥር ቢጮህ ፍንክች አይልም።

«ዝምተኛ ነው ጋሼ» አለኝ።

«ዝምተኛ የሚባል ሰው ነው። በሬ ሲሆን ደንቆሮ ነው» አልኩና ከዋጋው ቀነስኩለት። ሳይከራከር ተቀበለ። በሬ ሻጭ ሳይከራከር ሲቀበል መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን ርካሽ ነገር ጥርጣሬን ያስተኛል። ልንነዳው ስንል ልጁ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አንሾካሸከለት። በሬው አንገቱን ሙሉ አዞረ። የለመደው ጠረን ነው ብዬ አለፍኩ።

ለወልዲያ ሥጋ ቤት አተረፍኩበት። ልጁ በገንዘቡ እህቱ በሄደችበት መንገድ ወደ ባሕሩ ሄደ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ሱቄ ደጃፍ ድረስ መጡ። ሰላምታዬን አልመለሱም።

«በሬዬን የት አደረግኸው?»

«ልጅዎ ነው የሸጠልኝ፣ አባቴ። አንቱ ልከውት መስሎኝ።»

«እሱን ተወው። በሬው።»

ወልዲያ ክርስቲያን ሥጋ ቤት እንደሄደ ነገርኳቸው። መታረዱንና በማን እጅ እንደታረደ ከዚሁ አወቁት። ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው ነገሩን የሰማሁት። እኛ ስለት የምንለውን እነሱ ነዝር ይሉታል። ልጅቱ በደህና ከገባች ሊያርዱት፣ ስልኳ በጠፋ ጊዜ በሬውን ገና ወይፈን ሳለ ነዝረውታል። በዚያች መንደር ደግሞ የነዝር ከብት ዝም ተብሎ አይታሰርም፤ የተጠበቀው እስኪመጣ ማታ ማታ በአርጎባኛ ይነገረዋል፤ ስለማን እንደቆመ፣ የሚጠበቀው ሰው የት እንዳለ። አማርኛ አይነገረውም። ስለዚህ ለልጃቸው የሚሉትን ሁሉ፣ የዝናቡን፣ የጉልበታቸውን ሕመም፣ ለበሬው ሲሉት ኖረዋል። ደንቆሮ ብዬ የቀነስኩለት በሬ ከእሳቸው በቀር በመንደሯ ያን ቋንቋ የሚሰማ ብቸኛ ፍጡር ነበር።

«ልጄ፣ በሬ አይደለም ያረዳችሁት። መንገዷን ነው» አሉኝ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ከኛም ከነሱም ወገን። በገበያ ቀን፣ በምስክር ፊት ስለገዛሁ ጥፋት የለብህም አሉኝ፤ ጥፋት ስለሌለብኝ አንድ በሬ እንድተካ ፈረዱ። ጥፋት ቢኖርብኝ ምን ሊያስከፍሉኝ እንደነበር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከሲሪንቃ በኩል ዓይን የሚይዝ በሬ መርጬ ወሰድኩላቸው። ሽማግሌው ግንባሩን ይዘው በአርጎባኛ ብዙ ነገሩት። በሬው ያመሰኳል።

«ይለምዳል» አልኳቸው።

«እሱ እስኪለምድ እሷን ማን ይጠብቃታል?»

ክረምቱ እንደወጣ ልጅቱ መጣች። ከወልዲያ በመጣ ሚኒባስ መርሳ ስትወርድ አየኋትና አድርሻት ልምጣ ብዬ አብሬ ወረድኩ። እውነቱን ለመናገር በሬዬ ሲታረድና ነገሩ ሲዘጋ ለማየት ነበር። ከስታለች፤ ግን በእግሯ ትሄዳለች፣ በአፏ ትናገራለች። መንደሩ ወጣ። ቢላው ተሳለ። ሽማግሌው በር ላይ ቆመው በአርጎባኛ ተናገሯት፤ ረጅም ንግግር ነው። አፋቸውን አፋቸውን አየቻቸው።

«አባየ፣ በአማርኛ ንገረኝ። እስር ቤት ብዙ ነገር ከጭንቅላቴ ወጣ» አለች።

ደክሟት ነው፣ ስታርፍ ይመለስላታል አለ ሰዉ። ሽማግሌው ቢላ ለያዘው ሰውዬ በእጃቸው ተው አሉት።

«ነዝሩ ለሙሉዋ ነበር። የመጣችው ግማሿ ናት።»

ይህን ያሉት በአማርኛ ነው። እሷም ሰማች።

እኔ ነጋዴ ነኝና አፌ አላስቻለኝም፤ ልጅቱ በደህና ገብታለች፣ በሬውም ቆሟል፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል አልኩ። ሽማግሌው አንተ ይሉኝ የነበረውን ትተው አንቱ አሉኝ። «አንቱም ወደዚህ አይምጡ» አሉ። በአገራችን ሽማግሌ ታናሹን አንቱ ካለው ነገሩ አልቋል።

ወንዱ ልጅ ከባሕሩ ማዶ አልደወለም። ልጅቷ መርሳ ሻይ ትሸጣለች፤ ጁምዓ ጁምዓ ወደ አባቷ ትወርዳለች፣ የምታወራቸው በአማርኛ ነው። በሬው አልታረደም፣ አልተሸጠም፤ በሩ ላይ ታስሮ ያረጃል። ሽማግሌው ግራና ገበያ ላይ ሲያልፉ አያዩኝም። እኔም ያቺን መንደር አልረግጥም።