ጉርሻ የዘጋው አፍ

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው ካለ እኔ እስካሁን አላገኘሁትም። ሁለቱም ልጆቼ ኦቲዝም እንዳለባቸው ከታወቀ ወዲህ መድኃኒት ያላዘዘልኝ ጎረቤት የለም። ሴቷ ልጄ የሚኒባስ ረዳት ሲጣራ የሰማችውን ይዛ «ደብረ ብርሃን! አንድ ሰው የቀረው!» እያለች ትውላለች። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ አምስት ዓመት ሞልቶት አንዲት ቃል አልወጣውም ነበር። ስለዚህ ለሷ ዝም የሚያሰኝ፣ ለሱ የሚያናግር ጸበል ታዘዘልን። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ነው የሚቀዳው።

ደብረ ብርሃን ያለችው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ያዘዘችልኝ ግን መጠበቅ ነበር። «የሚወደውን ነገር ይዘሽ ፊት ለፊቱ ተቀመጪ። የነገሩን ስም ጥሪለት። ከዚያ በጣቱም ይሁን በድምፁ እስኪጠይቅሽ ዝም ብለሽ ጠብቂው» አለችኝ። ቀላል መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። በእኛ አገር ግን ልጅ ሳይርበው ይበላል፣ ሳይጠይቅ ይጎርሳል፣ እምቢ ካለም «በሞቴ» ተብሎ ይጎርሳል።

ልጄ ጭኮ ይወዳል። ጭኮውን ይዤ «ጭኮ» እልና ዝም እላለሁ። እሱ ጭኮውን ያያል፣ እኔ አፉን አያለሁ። ከንፈሩ ሊላወስ ሲል አማቴ ከጓዳ ብቅ ይሉና እፍኝ የሚያህል ጭኮ አፉ ውስጥ ይጠቀጥቁበታል።

«ምን ያለችው ጨካኝ ናት! የገዛ ልጇን ምራቅ ታስውጣለች?»

ልጁ አፉን ሞልቶ ሲያላምጥ ደግሞ አዝነው ያዩታል። «ግን ይኼ ልጅ ለምንድን ነው የማይናገር?»

ጓዳ ገብቼ በንዴት አልቅሻለሁ። እኔ በሌለሁበት ቢያመው፣ ሰው ቢጎዳው፣ የሚናገርበት ቃል እንዳያጣ እፈራ ነበር። አማቴ የሚፈሩት ጎረቤት «የልጅ ልጃቸውን አስራቡት» እንዳይላቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት የማኅበር ተራቸው ደረሰና ቤቱ በሰው ሞላ። ልጄን አጠገባቸው አስቀምጠው አጎረሱት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሙት። ሦስተኛውን ጠቅልለው ሲያመጡ ልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ እጃቸውን በመዳፉ ገፋ አደረገና «በቃ» አለ።

ሁሉም ሰማው። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አማቴ እንባቸው እየወረደ «ተናገረ! ልጄ ተናገረ!» አሉና ከደስታቸው ብዛት ከፊተኛው የሚበልጥ ጉርሻ ጠቀለሉ።

«በቃ!» አለ ልጄ፣ አሁን ጮክ ብሎ።

«በሞቴ፣ ይችን ብቻ! የመናገርህን!»

ተነሥቼ እጃቸውን ያዝኩት። በሰው ፊት የአማቴን እጅ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነበር። «እማማ፣ እንዲናገር ስንት ዘመን ተሳሉ። ይኸው ተናገረ። እባክዎ ይስሙት» አልኳቸው።

ወጡ በመካከላችን ይንጠባጠባል። ልጁን አዩት፣ እንግዶቹን አዩ፣ እኔን አዩኝ። የተጠቀለለ ጉርሻ አይመለስምና በእኔው አፍ ውስጥ ከተቱት።

አፌን ሞልቼ አላመጥኩት። ልጄ ግን ሦስተኛ ጉርሻ አልጎረሰም።