በጊደር የተገዛ ፊት

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ከደሴ መጥታ ከቦርሳዋ ጣት የምታህል ጠርሙስ አወጣች። ፋውንዴሽን የሚሉት የፊት ቅብ ነው አለችኝ። ዋጋውን ስትነግረኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «እትዬ፣ ውድ ነው፤ ግን ዋጋውን ያወጣል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከቤቱ ሰው ሁሉ እኔን መርጣ መጠየቋ አናደደኝ። እሷ ምን ታድርግ፣ ምን እንደነካች አታውቅም።

በግራ ጉንጬ ላይ ከእናቴ ሆድ ይዤው የወጣሁት ጥቁር ምልክት አለኝ፤ የባቄላ ቅጠል ያህላል። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን «ማርያም ስማት ነው» ትል ነበር። አባቴ ቁርኣን የቀራ ሰው ሆኖ ሳለ በዚህ ተከራክሯት አያውቅም። እኔም ምልክት እንዳለኝ ትዝ የሚለኝ ሰው ሲያነሳብኝ ብቻ ነበር። በሐይቅ ከተማ ዳር ባለው ቤታችን መስታወት የሚባለው የአባቴ መላጫ መስታወት ነው፤ እሱም ግማሽ ጺም እንጂ ሙሉ ፊት አያሳይም።

ነገሩ የተበላሸው ከሽምግልናው በኋላ ነው። ያጨኝ ልጅ ከሐይቁ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ስለወጣ የሰርጉ ቀን በጥድፊያ ተቆረጠ። እሱ ምልክቴን ገበያ ላይ ሲያየው የኖረ ነውና ምንም አላለም። ከእሱ ወገን ከመጡት ሴቶች አንዷ ግን ጉንጬን ትክ ብላ አየችና እናቴን «ይሄ ነገር አይለቅም?» አለቻት። ነጠላ ላይ የፈሰሰ ወጥ አስመሰለችኝ። እናቴ የዚያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ይህን የሰማችው አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ባቲ ትነግድ ነበር። ሾፌሮች ከአሰብ ደብቀው የሚያመጡትን ሽቶ፣ ሻሽና ቅባት እየገዛች ትቸረችራለች። ስለ ቁንጅና አዋቂ እኔ ነኝ ባይ ናት። እንደመጣች አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃን አዞረችው፤ በሬ የምትገዛ ነው የምትመስለው።

«የፊት ቀለም አለ» አለች። «በጠርሙስ የሚመጣ፣ ከጣሊያን አገር። ከራስ ቆዳ ጋር ይመሳሰላል፤ ከተቀባ በኋላ ምልክቱን ያስቀመጠው አላህ ራሱ ካልሆነ ማንም አያገኘውም።»

«ዋጋውስ?» አለ አባቴ።

«የጊደር ዋጋ ነው።»

አባቴ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው ተነስቶ ቆመ። «ወላሂ አብዳችኋል! ጊደር ትወልዳለች፣ ትታለባለች። ጠርሙስ ምን ይወልዳል?»

«በቆርቆሮ የሚሸጥ ፓውደርም አለ» አለች አክስቴ፣ አፍንጫዋን ነፍታ። «ርካሽ ነው። ላብ ሲነካው ግን ልጅህ የዱቄት ከረጢት ትመስላለች። ምርጫው የአንተ ነው።»

ክርክሩ እንዲህ ቀጠለ። አክስቴ ውድ ነገር ውድ የሆነው በምክንያት ነው ትላለች፤ አባቴ ውድ የሆነው ሞኝ ስላለ ነው ይላል። እናቴ ዝም ብላ ታለቅሳለች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያለኝ አንድ ሰው የለም። ጉንጩ የኔ፣ ሸንጎው የእነሱ! ቢጠይቁኝም የምለውን አላውቅም ነበር፤ የዚያች ሴትዮ ቃል እኔንም ልቤን ነክቶት ነበርና። በመጨረሻ እናቴ «ልጄ በሰው ፊት አንገቷን ከምትደፋ ያለችን ጊደር ትሂድ» አለች። ጊደሯም ሄደች።

አክስቴ ባቲ ወሰደችኝ። ቀለሙን የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ ከጓዳዋ ጠርሙሶቿን አውጥታ በዚያ በሚያቃጥል ፀሐይ አንዱን ካንዱ እያለዋወጠች ጉንጬ ላይ ስትሞክር ቆየች። በመጨረሻ አንዱን ምልክቴ ላይ ስትቀባው ምልክቱ ጠፋ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ደስ አለኝ። የቆዳዬ ቀለም ራሱ ነበር። ፈታሽ እንዳይወስድብን ጠርሙሱን በቅቤ ቅል ውስጥ ቀብረን ኬላውን አለፍን።

እንግዲህ እስከ ዛሬ ጨጓራዬን የሚልጠው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቤት እንደገባን ወይባ አስጀመሩኝ። የእኛ አገር ሙሽራ ሳትታጠን አትዳርም፤ ጉድጓድ ይቆፈርና የወይባ እንጨት ይጨስበታል፣ እሷ ቅቤ ተቀብታ በቡልኮ ተሸፍና ከላይ ትቀመጣለች። ጭሱ የቆየውን ቆዳ ይልጠዋል፤ ከስሩ ቢጫ፣ የሚያበራ ገላ ይወጣል። ወይባ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ቀለም ለመቀየር! ይህን የማታውቅ ሴት በሰፈራችን የለችም። እናቴ ታውቃለች። አክስቴ ታውቃለች። ሙሽራ ሲያጥኑ ያረጁት ጎረቤቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ። እነዚህ ሁሉ አዋቂዎች መጀመሪያ በጊደር ዋጋ የቆዳዬን ቀለም ገዙ፤ ከዚያ ተሰብስበው ቆዳዬን ቀየሩት።

የሰርጉ ጠዋት አክስቴ ጠርሙሱን በቢስሚላህ ከፈተችው። ቀብታኝ ስትጨርስ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ፊቴ ጭቃ የተመረገ ግድግዳ ሆኗል፤ አንገቴ እንደ እርድ ቢጫ ነው። ፊቴ የአንዷ፣ አንገቴ የሌላዋ ሴት ሆነ።

«ታጠቢው» አለች እናቴ።

«የጊደር ዋጋ ነው የሚታጠበው?» አለች አክስቴ፤ ከመቀነቷም ያን ስትንቀው የነበረውን ርካሽ ፓውደር አወጣች። ለካስ ይዛው ኖሯል! ከላይ ነሰነሰችብኝ። አሁን ደግሞ አመድ መሰልኩ። አባቴ በበሩ ብቅ ብሎ አየኝና ጊደሯ ትታሰርበት ወደነበረው ጉቶ ዞሮ ሄደ።

ኒካው ታሰረ። ከዚያ ፎቶ ቤት ወሰዱን። ፎቶ አንሺው እውነተኛው ሐይቅ ከበሩ ማዶ እያለ ሸራ ላይ የተሳለ ሐይቅ ፊት አቆመን። ባሌ በመጠን የማይሆነው የወንድሙን ኮት ለብሷል፤ እኔ የማላውቀውን ፊት ተሸክሜያለሁ። እንዳይሰነጠቅብኝ ፈርቼ ፈገግ እንኳ አላልኩም።

ፎቶው የደረሰው ባሌ ሊሄድ ባለበት ሰሞን ነው። ይዞት ሊዘምት ነበር ያሰበው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ወላሂ፣ ይችን ሴትዮ አላውቃትም» አለ። «እዚያ ሆኜ ሳያት ምን ልላት ነው? በይ ፊትሽን ታጠቢና እንደገና ፎቶ ተነሺ።»

አክስቴ ሳትቀቢ አትውጪ እያለች እስከ ደጅ ተከትላን ጮኸች። እሱ መንገዱን ቀጠለ። ፎቶ ቤት ስንደርስ ብቻዬን ተነሳሁ፣ ምልክቴን ወደ ብርሃኑ አዙሬ። ፎቶ አንሺው «አንተም ግባ እንጂ» ሲለው «የኔን ፊት ምን አደርገዋለሁ፣ የምወስደው የሷን ነው» አለ። አንድ ብቻ አሳጠብን። ሲመለስ ሌላ እናሳጥባለን ተባባልን። በደረት ኪሱ ከተተው፤ በማግስቱ እሱን ከሌሎቹ ምልምሎች ጋር መኪና ላይ ጫኑት።

አልተመለሰም። መርዶም አልመጣ፣ ደብዳቤም አልመጣ። ፎቶ አንሺው ጦርነቱ ወደ እኛ ሲጠጋ ፊልሙንም ዕቃውንም ጠቅልሎ ጠፋ። ደርግ ወድቆ ወታደሩ በእግሩ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ግን ፊቴን እየታጠብኩ መንገድ ዳር እቆም ነበር። ሻሼን ከግራ ጉንጬ ገለጥ አደርገዋለሁ፤ እኔ ባልለየው እሱ በምልክቴ ይለየኛል ብዬ።

የእህቴ ልጅ አሁንም መልስ ትጠብቃለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሰርግ ፎቶ አሳየኋት። ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራለች።

«እሱ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ» አልኳት።

«አዎ፣ ባልሽ።»

«አጠገቡ ያለችውስ?»

«አንቺ ነሻ፣ እትዬ!»

«አይደለሁም» አልኳት። «እኔና እሱ አብረን የተነሳነው ፎቶ የለንም።»