ወደ ግራ የምትስበው መኪና

ባለፈው ሳምንት አንድ የባጃጅ ሹፌር ሱቄ መጥቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ስልክና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፤ ዕቃ ሲወረወር አልወድም። «ጋሼ፣ ይሄ ጌም ሊያሳብደኝ ነው! ስልኩን ቀጥ አድርጌ ይዤ እንኳ መኪናዋ ብቻዋን ወደ ግራ ትስባለች» አለኝ። ጋሼ መባል ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እሱንም አልወድም። ያን ቀን ግን ያናደደኝ ሌላ ነው። ወደ ግራ የምትስብ መኪና! ኤዲያ! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ልረሳው የምታገለውን ነገር ይዞብኝ መጣ።

ያኔ እኔና ሰዒድ እዚሁ ከተማ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች ነበርን። ሰዒድ የካራቆሬ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁ ፈትቶ የማይገጥመው ነገር የሌለ። እኔ ደግሞ ከቀወት ገጠር የመጣሁ ለፍላፊ ነኝ። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እሱ ረመዳንን ሲጾም እኔ ምሳዬን ውጭ በልቼ እመጣለሁ፤ የእኔ ጾም ሲደርስ እሱ ምንም ሳይለኝ ሥጋ ይተዋል። በቀረው ጊዜ የበላነው ማሾ ነው። ማሾ ወጥ፣ ማሾ ቅቅል፣ እንደገና ማሾ። ዛሬም ማሾ ሲሸተኝ ያ ክፍል ትዝ ይለኛል።

የመመረቂያ ሥራችን የመኪና ውድድር ጌም ነበር። ጋራዥ ከተጣሉ ሁለት ባጃጆች ላይ መሪያቸውን ነቀልን። በእያንዳንዱ መሪ ላይ መዳፍ የምታክል ስክሪን፣ ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ሰርኪዩት ቦርድና እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር ገጠምን። መሪውን ወደ ግራ ስታዘነብለው ስክሪኑ ላይ ያለችው መኪና ወደ ግራ ትታጠፋለች። ሁለቱ ቦርዶች ያለ ሽቦ ይነጋገራሉ፤ ስለዚህ ሁለት ሰው በአንድ መንገድ ላይ ይሽቀዳደማል። መንገዱን የጣርማ በርን ጠመዝማዛ አስመስለን ሠራነው፤ ዋሻውም አልቀረም። ሶልደሩ፣ ማለትም የሽቦው ብየዳ፣ የሰዒድ፣ ኮዱ የእኔ ነበር።

እንዲህ የምንለፋው ለማርክ ብቻ አልነበረም። ደብረ ብርሃን ላይ የተማሪዎች ሥራ ኤግዚቢሽን ነበረ፤ ያሸነፈ በከተማው የመሥሪያ ሼድ ይሰጠዋል ተባለ። የሰዒድ ታላቅ ወንድም ጂዳ ነው፤ «ና እንጂ፣ እዚያ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?» እያለ በየሳምንቱ ይደውልለታል። ሰዒድ መሄድ አይፈልግም። አንድ ቀን ማንጎ እየላጠ፣ «ሼዱን ካገኘን ወላሂ እቀራለሁ። ካላገኘን ግን ለእናቴ ምን ብዬ እቀመጣለሁ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ጌሙ ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

ጭቅጭቁ የመጣው በዜሮ ነው። መሪው ቀጥ ብሎ ሲያዝ ሴንሰሩ የሚሰጠው ቁጥር አለ፤ እሱን ዜሮ እንለዋለን፤ ማዘንበሉ የሚለካው ከዚያ ተነሥቶ ነው። እኔ በዚያ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ላቤ በአንገቴ እየወረደ፣ ቁጥሩን አንዴ ለክቼ ኮዱ ውስጥ ጻፍኩትና ጨረስኩ። ሰዒድ ግን አልተዋጠለትም።

«በተከፈተ ቁጥር ራሱ ይለካው» አለኝ። «ተጫዋቹ መሪውን ያስቀምጥ፣ ሦስት ሰከንድ አይንካው፣ ከዚያ ይንዳ።»

«አንተ ባጃጅ ስታስነሳ ሦስት ሰከንድ ተገትረህ ትጠብቃለህ?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«አቦ ተወኝ! ዳኛ ፊት ባዶ ስክሪን ላሳይ?»

ተወኝ። የሰዒድ ክፋቱ ይሄ ነው፤ እንቢ ካሉት አይጨቃጨቅም።

ኅዳር ነበር፤ እኛ አገር ማሽላው የሚታጨድበት ወቅት። መሪዎቹን ካርቶን ውስጥ አድርገን ሚኒባስ ተሳፈርን። ኮዱን የምንጭንበት ላፕቶፕ የኮሌጁ ስለሆነ አልሰጡንም። ሁለታችንም እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ነው የለበስነው፤ ስንወጣ ሙቀት ነበር፣ ቆለኛ ደግሞ ብርድ መኖሩን የሚያምነው ሲደርስበት ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን። ጣርማ በር ላይ ሹፌሩ ጎማ ሊያይ ሲቆም ጉሙ በመስኮት ገባ፤ ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ። ሰዒድ ካርቶኑን እቅፍ አድርጎ፣ «እዚህ አንዴ ከፍተን እንየው» አለ። «ሰው ይስቅብናል፤ ስንደርስ» አልኩት። ምነው ያን አፌን በቆረጠው!

አዳራሹ ከውጭው ይብስ ነበር። ተራችን ደርሶ አንዱን መሪ እኔ፣ አንዱን ሰዒድ ያዝን። መንገዱ መጣ፣ መኪኖቹ መጡ፣ ሁለቱም ተያይዘው ወደ ግራ። ገደል። አጥፍቼ አበራሁት፤ ገደል። ወደ ቀኝ አዘንብዬ ልያዛት ብል ደግሞ ኩርባው ላይ እንቢ አለች። አንደኛዋ ዳኛ፣ ጋቢ የደረቡ ትልቅ ሴትዮ፣ «ልጆቼ፣ መኪናችሁ ገደል ትወዳለች» አሉ፤ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ነገሩ ለሰዒድ ወዲያው ገባው፤ ያን ዜሮ የለካሁት በሙቀት ነው፣ ሴንሰሩ ሲቀዘቅዝ ሌላ ቁጥር ያነባል። ቦርዱን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ በገላው ያሞቀው ጀመር። አውጥቶ ሲሞክረው መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች! ግማሽ መንገድ ድረስ። ከዚያ ቦርዱ መልሶ ሲቀዘቅዝ ቀስ እያለች፣ ቀስ እያለች፣ ወደ ግራ።

«ምንድን ነው ችግሩ?» ብለው ሴትዮዋ ጠየቁ።

«ሶልደሩ ነው» አልኩ።

«ማነው የሠራው?»

በአገጬ ወደ ሰዒድ ጠቆምኩ።

ሰዒድ አየኝ፣ ከዚያ መሪውን ካርቶኑ ውስጥ መልሶ ማስገባት ጀመረ። ሼዱ ለሌሎች ሄደ። ስንመለስ ደብረ ሲና ላይ እንደገና ቆሎ ገዛ፤ ግማሹን እጄ ላይ አፈሰሰልኝ። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ!

በጥር ጂዳ ሄደ። አንደኛውን መሪ አልጋዬ ሥር ትቶልኛል፤ እኔም ከንዴቴ የተነሣ ለወራት አልነካሁትም። አንድ ቀን ሳበራው መኪናዋ አልመጣችም፤ በእሷ ፈንታ ጽሑፍ መጣ። የአማርኛ ፊደል እዚያች ስክሪን ላይ አይሆንም ብዬ የሞገትኩት እኔ ነበርኩ፤ እሱ ከመሄዱ በፊት ኮዱን አስተካክሎ፣ ፊደሉንም ነጥብ በነጥብ ለቅሞ ሠርቶታል። «አስቀምጠው። ሦስት ሰከንድ ጠብቅ» ይላል። አስቀምጬ ጠበቅኩ። መኪናዋ ጣርማ በርን አንዴም ሳትስት ወጣች። ብቻዬን ጮክ ብዬ ተሳደብኩ፤ ማንን እንደምሳደብ አውቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሠራል?» አለኝ ባለባጃጁ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኛሁትና የሴንሰሩን ማስተካከያ ከፈትኩ። እጁን ሊሰድ ሲል መታ አደረግኩት። «አትንካው አልኩህ!» ሦስት ሰከንድ አለፈ፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። «ይቺው ናት እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ይቺው ናት። ቁጥሩን መሳሳቴ አይደለም የሚያበግነኝ፤ ከመሳሳትማ ማን ይቀራል። ያ አገጬ ነው።

ልጁ እንደወጣ ሰዒድ ጋ ደወልኩ። አሁንም ጂዳ ነው፤ አየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል። በየዒዱና በየፋሲካው እንኳን አደረሰህ እንባባላለን፤ ከዚያ አልፈን አናውቅም። ያለ በዓል ስደውልበት ደንግጦ፣ «ምነው፣ ደኅና አይደለህም?» አለ።

«ሰዒድ፣ ሶልደሩ አልነበረም» አልኩት። «እኔ ነኝ። ያኔም አውቄ ነው ወዳንተ የጠቆምኩት።»

የሚጠግነው ማሽን ሲያጓራ ይሰማኛል።

«ሦስት ሰከንድ ጠብቅ ነበር እኮ ያልኩህ» አለኝ በመጨረሻ። «አሥራ ሁለት ዓመት አላልኩህም።»