ደብረ ሲና ነው የምናድረው

«ቅዳሜ ደብረ ሲና ነው የምናድረው፤ ተዘጋጅ» አለኝ አንዱ ጓደኛዬ በስልክ። እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፤ ደብረ ሲና ሲሉኝ ከጣርማ በር ወረድ ብላ ያለችው ከተማ እንጂ ሌላ አይታየኝም። ሁለቱ ጓደኞቼ ድሮ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር፤ አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ ግን ቤቴን ረግጠው አያውቁም። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ደግሞ በእኛ ከተማ ሳያልፍ አይወርድም። በቃ አርብ መጥተው እኔ ቤት ሊያድሩልኝ ነው ብዬ ፈነደቅኩ።

ቤቱን ጠረግኩ። ሁለት ፍራሽ አንጥፌ አዲስ ብርድ ልብስ ዘረጋሁበት። ከመዘዞ የመጣ ሙክት ገዝቼ ግቢ ውስጥ አሰርኩ። ጎረቤቴ፣ ልጆቿን ድራ ብቻዋን የቀረች ሴት፣ ምን ተገኘ ብትለኝ እንግዳ አለብኝ አልኳት። ኩራቴን ባያችሁት!

አርብ ማታ ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ ብዬ ብደውል ሳቁብኝ። ለካ ደብረ ሲና ያሉት ዝዋይ ሐይቅ ላይ ያለችውን ደሴት ነው። ጀልባ ተከራይተን፣ ራሳችን ቀዝፈን ሄደን፣ እዚያው አድረን እንመለሳለን ነው ነገሩ። ተናደድኩ። ግን ብቀር የምጎዳው እኔው ነኝ። በጉን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ፣ ለጣርማ በር ጉም ያዘጋጀሁትን ባና፣ ያንን ከባድ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሴን፣ ተሸክሜ በሌሊት ተነሳሁ።

ሐይቁ ዳር ስንገናኝ ፀሐዩ ያቃጥላል። ባናውን ሲያዩ በሳቅ ፍርስ አሉ። ሐይቁን ልታለብሰው ነው ወይ እያሉ ቀለዱብኝ።

መጀመሪያ እኔና አንዱ ቀዘፍን። የእሱ መቅዘፊያ ሲገባ የእኔ ይወጣል፤ ጀልባዋ ባለችበት ትዞራለች። አንተ ተቀመጥ ብለው ሁለቱ ያዙት። አቤት አቀዛዘፍ! መቅዘፊያዎቹ እኩል ይጠልቃሉ፣ እኩል ይወጣሉ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቶ ግን እንዲህ መቅዘፍ የት ተማሩ አልኩ በልቤ።

«ከዚህ በፊት መጥታችኋል እንዴ?» አልኳቸው።

ተያዩ። «አንድ ሁለቴ» አለ አንደኛው። «አንተ ሩቅ ነህ ብለን ነው።»

ሩቅ ነህ! ከደብረ ብርሃን በጠዋት ሚኒባስ የያዘ ሰው እኮ ምሳውን አዲስ አበባ ይበላል። ከማን ነው የራቅኩት? ይህን ሁሉ በሆዴ አልኩት፤ በአፌ ግን «ይሁን» ብቻ ነው ያልኩት። እስከ ደሴቲቱ ድረስ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ፤ እነሱም ስለ ሌላ ነገር ያወሩ ነበር።

ማታ ዓሣ ጠብሰን በላን፤ የድሮዋን ክፍላችንን እያነሳን ሳቅን። ሊነጋጋ ሲል ከሐይቁ ንፋስ ተነሳ። የሳቁበት ባና ውስጥ ሦስታችንም ገባን፤ እንደ ድሮው አንዱ ወደ ራሱ ይስባል፣ ሌላው ያጉረመርማል። እውነቱን ለመናገር ከስንት ጊዜ በኋላ ብቻዬን ያልሆንኩት ያን ጊዜ ነው።

«ቀጣዩ እኔ ቤት ይሁን» አልኳቸው። «በግ አስሬያለሁ።»

«እንመጣለን፤ ምን ችግር አለው» አለ አንዱ ዓይኑን ሳይገልጥ። ሌላው እንቅልፍ ወስዶታል።

ሲነጋ ተመልሰን አዲስ አበባ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ሸኚ ቤት አያደርስም ይባል የለ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ባናዬን አቅፌ ብቻዬን መጣሁ። ጎረቤቴ ለበጉ ሳር ስትሰጠው ደረስኩ። እንግዶችህስ አለችኝ። ይመጣሉ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ለበጉ ሳር ጨመረችለት።

ይኸው ክረምቱም አለፈ። ፍራሾቹ እንደተነጠፉ ናቸው። ጎረቤቶቼ በጉን እረደው ይሉኛል፤ አንድ ሙክት ለአንድ ሰው ምን ሊሆን? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላል ያገሬ ሰው። ለጓደኞቼ ስደውል አሁንም እንመጣለን ይሉኛል። ማታ ከሥራ ስገባ በሩን ከፍቼ «እንዴት ዋልክ?» እለዋለሁ በጉን። እሱ ይመልስልኛል።