በሕግ አምላክ ያልሁ ዕለት

ይህን ሳወራ እስከ ዛሬ አንገቴን እደፋለሁ። ከታች ጋይንት ተነሥቼ ኮርያ ስዘምት ቴያትር የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን የአገሬው ተዋንያን እኛን ወታደሮቹን ሊያጫውቱ መጡ። መድረኩ ላይ አንድ ሰውዬ ስምንት ዓመት የማይሞላውን ልጅ በጅራፍ ይገርፍ ጀመር። ልጁ እየተንፈራፈረ ያለቅሳል፤ ጓዶቼ ቁጭ ብለው ያያሉ።

"በሕግ አምላክ" አልሁ። በእኛ አርብ ገበያ ይህ ከተባለ የተሰነዘረ ዱላ እንኳ ይመለሳል። ሰውዬው ግን አልተወም። ዘልዬ ወጣሁና በቡጢ ጣልሁት፤ አፉ ደማ።

አስተርጓሚያችን እየሮጠ መጣ። "ምን ነካህ? አባቱ እኮ ነው። ልጁ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ በዚሁ ሥራ ነው ያደገ።"

ይቅርታ ልለምነው ጎንበስ ስል፣ ልጁ ጅራፉን አንሥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ፊቴን ገረፈኝ። ምነው ባመመኝ። ጅራፉ ለካ ከጥጥ የተገመደ ነበር።